ጋራንቲው ሞተሩን ይጠግናል፤ የቆመውን ቀን ማን ይከፍላል?

ሰኞ ጠዋት ነው። ሞተር ብስክሌቱ ከተገዛ ዓመት አልሞላውም፤ ጋራንቲው ገና አላለቀም። ሆኖም ከዓርብ ጀምሮ አልነሳ ብሎ በሰው ተገፍቶ ወደ ሻጩ ድርጅት ጋራዥ ገብቷል። ባለቤቱ በአንድ በኩል ደስ ብሎታል፤ ለመለዋወጫውም ሆነ ለእጅ ሥራው አንድ ብር እንደማይከፍል ተነግሮታልና። በሌላ በኩል ግን ሦስት ሰዓት ላይ ሲኤምሲ ቤት የሚያሳየው ገዢ፣ አምስት ሰዓት ላይ መርካቶ ሰባተኛ የሚረከበው ናሙና፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሳሪስ የሚሰበስበው ሂሳብ አለው። «ዕቃው ሲመጣ እንደውላለን» የተባለው ቃል ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አያደርስለትም።

ሞተር በሚሸጥበት ገበያ ጋራንቲ ትልቅ የመሸጫ ቃል ነው። ገዢው «ስንት ወር ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም ወሩንና ኪሎ ሜትሩን ይነግረዋል። «ሲበላሽ ስንት ቀን ይቆማል? በነዚያ ቀናት እኔ በምን እሠራለሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለነጋዴና ለደላላ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጋራንቲ የሚሸፍነው የተበላሸውን አካል እንጂ የቆመውን ቀን አይደለም። አብዛኛው የጋራንቲ ወረቀት ሞተሩ በመቆሙ የተነሳ የቀረ ገቢን፣ የታክሲ ወጪንና ሞተሩን ወደ ጋራዥ የማድረሻ ወጪን በግልጽ ከኃላፊነት ውጭ ያደርጋል። ስለዚህ የቆመው ቀን ዋጋ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ ማሳነስ የሚቻለውም አስቀድሞ በማስላትና በመዘጋጀት ብቻ ነው።

ለምን ይዘገያል?

ብዙ ባለንብረት የሚበሳጨው መካኒኩ የሰነፈ እየመሰለው ነው። በጋራንቲ የሚሠራ ጥገና ግን ከተራ ጥገና የተለየ መንገድ አለው። በተራ ጥገና መካኒኩ ጉድለቱን ያገኛል፤ ባለቤቱ ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃውን ይገዛል፤ በማግስቱ ሞተሩ ይነሳል። በጋራንቲ ጊዜ ግን ወጪው የሚወራረደው ከፋብሪካው ጋር ነው። ሻጩ ጉድለቱን መርምሮና ፎቶ አንስቶ ሪፖርት ይጽፋል፤ ፋብሪካው ወይም ወኪሉ ጉድለቱ የአሠራር መሆኑን እስኪቀበል ይጠብቃል፤ የተነሳውንም አሮጌ ዕቃ ለማረጋገጫ ያስቀምጣል። ይህ ሁሉ ወረቀት እስኪያልቅ መካኒኩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ዕቃው በመጋዘን ከሌለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይከተላል። በገበያችን ያሉት ሞተሮች አካላቸው የሚመጣው በአመዛኙ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከጃፓን ስለሆነ፣ ትእዛዝ፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የአየር ወይም የጅቡቲ ወደብ ጭነትና ጉምሩክ በተራ ይደረደራሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ በእጅጉ መውረዱ ይታወቃል። አስመጪም ብዙ መለዋወጫ አስቀድሞ አምጥቶ በመደርደሪያ ላይ ገንዘቡን ማሰር ይከብደዋል።

የከተማው ቀላል ባቡር ራሱ የዚህ ችግር ምስክር ነው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ሥራ ሲጀምር የመጡት ባቡሮች 41 ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ያን ያህል ሀብት የፈሰሰበት ተቋም መለዋወጫ የሚጠብቅ ከሆነ ባለ አንድ ሞተሩ ነጋዴ «ለእኔ ቶሎ ይደርስልኛል» ብሎ ቢዘናጋ ስሌቱ አያስኬደውም።

የቆመ ቀን በብር ሲሰላ

የቆመ ቀን ስንት ያስከፍላል? ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢው የራሱን ሂሳብ ይተካባቸው።

አንድ የሸቀጥ አከፋፋይ በሞተሩ በቀን 12 ሱቆችን ያዳርሳል እንበል። ከእያንዳንዱ ሱቅ 150 ብር ቢያተርፍ 1,800 ብር ይሆናል። ለነዳጅና ለተያያዥ ወጪ 300 ብር ሲቀነስ 1,500 ብር ይቀረዋል። ሞተሩ ሲቆም በሚኒባስና በእግሩ ሰባት ሱቅ ብቻ ይደርሳል፤ ትርፉ 1,050 ብር፣ የመጓጓዣ ወጪው 250 ብር ሆኖ 800 ብር ይተርፈዋል። ልዩነቱ በቀን 700 ብር ነው። ጥገናው 20 የሥራ ቀን ከፈጀ 14,000 ብር ይሆናል። «በነፃ ተሠራልኝ» የሚለው ጥገና እንግዲህ ይህን ያህል አስከፍሎታል።

ይኸው ነጋዴ ሌላ መንገድ ቢይዝስ? ትእዛዙን ዋዜማውን በስልክ ይሰበስባል፤ ዕቃውን ለማድረስ ፈቃድ ያለው የሞተር አድራሽ በቀን 500 ብር ይኮናተራል። በዚህ መንገድ 11 ሱቆችን ቢያዳርስ ትርፉ 1,650 ብር፣ ከኪራዩ በኋላ ደግሞ 1,150 ብር ነው። የቀን ኪሳራው ወደ 350 ብር ወረደ ማለት ነው፤ በ20 ቀን 7,000 ብር። ኪሳራው ባይጠፋም በግማሽ ቀንሷል። «በቀን 500 ብር ለሰው ሞተር ከምከፍል ታክሲ ይሻለኛል» ያለ ሰው ወጪውን ብቻ አይቶ የቀረበትን ገቢ ዘንግቷል።

ሂሳቡ ለሁሉም አንድ አይደለም። ገቢው ከትንንሽ ጉብኝት ሳይሆን ከአንድ ትልቅ ሽያጭ ለሚመጣ የቤት ወይም የመኪና ደላላ የቀን አማካይ ብዙ አይነግረውም። ለእርሱ ጥያቄው «በዚህ ሳምንት የማይቀርባቸው ቀጠሮዎች የትኞቹ ናቸው?» የሚል ነው። ለእነዚያ በኮንትራት ታክሲ መሄድ ያዋጣዋል፤ ለቀሩት ይራመድ፣ ይደውል ወይም ቀኑን ያዛውር።

ዕቃውን ራሴ ልግዛው?

ከላይ ያለውን ስሌት የሠራ ሰው ፈጥኖ የሚመጣበት ሐሳብ አለ። «ዕቃው ከነእጅ ሥራው 7,500 ብር ከሆነ 14,000 ብር ከምከስር ከገበያ ገዝቼ ለምን በውጭ መካኒክ አላስገጥመውም?» በቁጥር ብቻ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ያልተፈቀደለት እጅ ሞተሩን ከፈታው ቀሪው የጋራንቲ ጊዜ ሊሰረዝ ይችላል። ገና ስምንት ወር የቀረው ጋራንቲ በአንድ ቀን ትዕግሥት ማጣት ሊጠፋ ነው። የተገዛው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ሌላ አካል ቢያበላሽ ደግሞ ተጠያቂ አይገኝም።

በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ መንገድ አለ። ለሻጩ በጽሑፍ የሚከተሉትን ማቅረብ ይቻላል፤ አንደኛ፣ በመሸጫ ክፍሉ ከቆመ አዲስ ሞተር ላይ ዕቃው ተነስቶ እንዲገጠምና የሚመጣው ዕቃ ለዚያ እንዲተካ መጠየቅ፤ ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ዋናውን ዕቃ ከታወቀ አስመጪ ገዝቶ የሻጩ ጋራዥ ራሱ እንዲገጥመው፣ በጋራንቲ የታዘዘው ዕቃ ሲደርስም በዓይነት ወይም በገንዘብ እንዲመለስለት መስማማት። ሻጩ ሊቀበልም ላይቀበልም ይችላል። ከተቀበለ ግን «ይህ በመደረጉ ጋራንቲው አይሰረዝም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሳይዙ ሞተሩን ማስፈታት አይገባም። የቃል ስምምነት የሰጠው ሠራተኛ ሥራ በለቀቀ ዕለት ይጠፋል።

ሞተሩን ሲያስረክቡ

አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት እንደሚባለው፣ ወረቀት የሌለው ባለንብረት በጋራዥ ወረፋ ላይ ወደኋላ ሲገፋ ይታያል። ሲያስረክቡ የሥራ ካርድ ያስቆርጡ። ቀኑና ሰዓቱ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የጉድለቱ ዝርዝር፣ በሞተሩ ላይ የቀሩት ዕቃዎችና የነዳጁ መጠን ይጻፍበት። ሊብሬውን በእጅዎ ያስቀሩ፤ የሚያስፈልግ ከሆነ ቅጂ ይስጡ። ሞተሩን ከአራቱም አቅጣጫ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። «መቼ ይደርሳል?» ብቻ ብለው አይጠይቁ፤ «ምርመራው መቼ ያልቃል? ዕቃው በመጋዘን አለ ወይስ ታዟል? የታዘዘበት ቀን መቼ ነው?» ብለው በየፈርጁ ይጠይቁ። ዕቃው ገና ካልታዘዘ በየቀኑ መመላለሱ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚያስፈልገው ትእዛዙ እንዲወጣ መወትወት ነው።

ጋራንቲ የማይሸፍናቸውንም አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰንሰለት፣ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ አምፖልና ፊልትሮ በአገልግሎት የሚያልቁ ስለሆኑ ብዙውን ጊዜ አይካተቱም። የመጀመሪያውን ሰርቪስ በተባለው ኪሎ ሜትር ያላስደረገ፣ ከአቅም በላይ የጫነ ወይም ሽቦ ቀጥሎ ተጨማሪ መብራት ያስገባ ሰው ጥያቄው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮች በገበያው እየበዙ ነው፤ በእነዚህ ላይ የባትሪው፣ የሞተሩና የመቆጣጠሪያው ጋራንቲ የየራሱ ጊዜ ሊኖረው ስለሚችል «ጋራንቲው አንድ ዓመት ነው» የሚለውን ጠቅላላ ቃል ሳይቀበሉ የእያንዳንዱን መጠየቅ ይበጃል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ገዢውም የራሱ ግዴታ አለበት፤ ዕቃውን እንደተመቸው ሳይውል ሳያድር መመርመር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ ይኖርበታል። ድምፁ የተለወጠን ሞተር «ትንሽ ልይልህ» እያለ ወር የሚነዳ ሰው ይህን ይልመድ።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። ይሁንና አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የገዛን ሰው ነው። ሞተሩን በድርጅቱ ስም ለንግድ የገዛ ሰው በዚህ አዋጅ ተማምኖ ከመቀመጥ ይልቅ ውሉን ማጥበቅ ይሻለዋል።

መንገዱን በዓይነት ይክፈሉት

ሞተር ያለው ሰው ለሁሉም ጉዳይ ሞተሩን ያስነሳል፤ ለፊርማም፣ ለሻይም፣ ለሚሊዮን ብር ውልም። ሞተሩ ሲቆም ግን መንገዱን በዓይነት መለየት ግድ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዓይነት መሄድ የማያስፈልገው መንገድ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና ባንኮችም የስልክ አገልግሎታቸውን ካስፋፉ ወዲህ ሂሳብ ለመክፈልና ለመቀበል መንገድ መሄድ ቀርቷል ማለት ይቻላል። የናሙና ፎቶ፣ የደረሰኝ ቅጂ፣ የቤት ቪዲዮ በስልክ ይላካል። የአንድ ሳምንት ጉዞዎን በማስታወሻ ደብተር ቢጽፉ ከመካከላቸው በስልክ የሚያልቁ ጥቂት እንዳይደሉ ይገነዘባሉ።

ሁለተኛው ዓይነት በዋና መስመር ላይ ያለ መንገድ ነው። ቀላል ባቡሩ ከአያት በመገናኛ፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች የሚደርስና ከቃሊቲ በሳሪስና በለገሃር አድርጎ በልደታ በኩል ወደ መርካቶ የሚወጣ ሁለት መስመር አለው። ባቡሩ ጥቂት ስለሆነ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ይጨናነቃል፤ ይሁንና የመኪና መጨናነቅ አይነካውም። የአንበሳና የሸገር አውቶቡሶችም ለረጅም መስመር ርካሽ ናቸው። ነጋዴ በእነዚህ የሚጠቀመው ቀጠሮውን ከሰልፉ ሰዓት ሲያሸሽ ነው። የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮን በአምስት ሰዓት መተካት አንዳንዴ ከታክሲ ገንዘብ ይበልጣል።

ሦስተኛው ዓይነት አስቸኳይና ከመስመር የራቀ መንገድ ነው። ለዚህ እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች አሉ። ዋጋቸው ከሚኒባስ በጣም ስለሚበልጥ ሦስት ጉዳይ በአንድ አቅጣጫ አሰባስቦ መጓዝ፣ ከተቻለም ገዢውን በመንገድ ላይ አንስቶ አብሮ መሄድ ነው። ለደላላ ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ በሞተር ከገዢው ቀድሞ ይደርስ የነበረው አሁን ግማሽ ሰዓት አብሮት ተቀምጦ የልቡን ይሰማል።

አራተኛው ዓይነት የዕቃ መንገድ ነው። ቀላሉን ጭነት የሞተር አድራሾች፣ መካከለኛውን ደግሞ ዳማስና መሰል ትንንሽ መኪናዎች ያደርሳሉ። መርካቶ ውስጥ ከተራ ወደ ተራ ለሚሄድ ዕቃ ግን የእጅ ጋሪና ተሸካሚ ከሞተር አያንስም። ዕቃ ሲሰጡ ቁጥሩን ጽፈው ያስፈርሙ፤ ገንዘብ ሰብሳቢና ዕቃ አድራሽ አንድ ሰው እንዳይሆን ክፍያው በቀጥታ ወደ ሂሳብዎ ይግባ።

ብስክሌትና እግርም አይናቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች በአንዳንድ አካባቢ አጭር ጉዞን አቅልለዋል። ሆኖም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ላይ ያለች ዳገታማ ከተማ ናት፤ ወደ ፒያሳና ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው በላብ ተጠምቆ ይደርሳል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላሉ አንባቢያን ግን ብስክሌትና ባጃጅ የሞተርን ቦታ በቀላሉ ይሸፍናሉ።

የወዳጅ ሞተር መዋስ

«ጓደኛዬ ሞተሩን ያውሰኛል» የሚለው መፍትሔ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ታግዶ ቆይቶ ከዚያ በኋላ በፈቃድና በምዝገባ የተመለሰ መሆኑ ይታወሳል። ስለዚህ የተዋሱት ሞተር ፈቃድ ለእርስዎና ለሥራዎ የሚሠራ መሆኑን ሳያጣሩ አይነሱ። ቦሎው የታደሰ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የሚያስፈልገው የሦስተኛ ወገን መድን ያልተቃጠለ፣ የእርስዎም መንጃ ፈቃድ ለሞተር የሚያገለግል ሊሆን ይገባል። ከዚህ አንዱ ጎድሎ አደጋ ቢደርስ ከጋራዡ ኪሳራ በላይ ሌላ ዕዳ ይመጣል፤ ወዳጅነትም አብሮ ይሰበራል።

ውሉ ላይ ሳሉ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ሻጩን የሚጫኑት ገንዘቡ በኪስዎ ሳለ መሆኑ ነው። የሚቀጥለውን ሞተር ሲገዙ በዋጋ ላይ ብቻ አይከራከሩ። አራት ነጥቦች በውሉ ላይ እንዲጻፉ ይጠይቁ፤ ምርመራው በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ጥገናው ከተወሰነ ቀን ካለፈ ተለዋጭ ሞተር ወይም የቀን ማካካሻ እንደሚሰጥ፣ ሞተሩ በጋራዥ የቆመባቸው ቀናት በጋራንቲው ላይ እንደሚታከሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈለጉ መለዋወጫዎች በመጋዘን እንደሚገኙ። ሻጩ አራቱንም ላይቀበል ይችላል። ሁለቱን ብቻ የሚቀበል ሻጭ ግን በዋጋ ጥቂት ከሚቀንስና አንዱንም ከማይቀበል ሻጭ ሊሻል ይችላል፤ ከላይ የተሠራው የ14,000 ብር ስሌት ይህን ያስረዳል።

በርካታ ሞተር የሚያሰማራ ድርጅት ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ለሰርቪስ አያስገባ፤ ከየቀኑ ገቢም ለቆመ ቀን የሚሆን ጥቂት ብር ለይቶ ያስቀምጥ። ባለ አንድ ሞተሩም ቢሆን የሁለት አድራሾችንና የአንድ ታክሲ ሹፌር ስልክ ሞተሩ በደህና ሳለ ይያዝ፤ በጭንቅ ቀን የሚፈለግ ሰው ዋጋው ይወደዳልና።

በመጨረሻም ደንበኛን አስቀድሞ መንገር አይዘንጋ። «ሞተሬ ጋራዥ ስለገባ በአሥር ሰዓት ፈንታ በአሥር ተኩል እደርሳለሁ» የሚል የአንድ ደቂቃ ስልክ ደንበኛን ያቆያል። ሳይናገር የዘገየ ነጋዴ ግን ሞተሩ ተሠርቶ ሲወጣ ወደ ማን እንደሚነዳው ግራ ይገባዋል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሞተርዎ ዛሬ በደህና እየሠራ ከሆነ የጋራንቲ ወረቀትዎን ዛሬ ማታ አውጥተው ያንብቡት፤ የአንድ የቆመ ቀንዎንም ዋጋ በጀርባው ላይ ይጻፉት።